ከሙሳፊር ሆድ የወጣ ኖራ

አስከሬኑ ፊት ነበረው፤ የራስ ቅል ግን አልነበረውም።

ሳጅን ዘውዱ በሟቹ ግንባር ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ቆዳው እንደ ባዶ ስልቻ ወደ ውስጥ ጎደጎደ። ጸጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ሽበት የጣለበት ጺሙ በየቦታቸው ናቸው። ከሥራቸው የሚይዛቸው አጥንት ብቻ የለም። ከአንገት በታች ሰውየው ምንም አልጎደለበትም። ኮቱም ሸሚዙም የለም፤ ገላው በአንድ ነጭ ጋቢ ተጠቅልሏል።

በበረቱ ሌላ ጥግ ገዳዩ ነው የተባለው ፍጥረት ተኝቷል። ጥጃ ያህላል። ስድስት እግር አለው፤ ቆዳው እንደ ረጠበ ከበሮ የተወጠረ ነው፤ አፍ የለው፣ ጅራት የለው። ባለፈው ሰኔ ከሰማይ ወድቆ እንደ ቅል ከተሰነጠቀ ትኩስ ድንጋይ ውስጥ፣ ማሽላ ማሳ መሀል ነው የተገኘው። በሰላም ጊዜ ቢሆን ዓለም ሁሉ ካሜራውን ተሸክሞ እዚህ ግራና ድረስ ይመጣ ነበር። ጦርነቱ ግን ብዙም ሳይቆይ ደረሰ፤ ስልኩ ተቋረጠ፣ መንገዱ ተዘጋ። ከሰማይ የመጣውም እንደ ማንኛውም የሀብሩ ወረዳ ገበሬ የሚያስታውሰው አጥቶ ቀረ። የግራና ሽማግሌዎች መንገደኛ ነው ብለው ሙሳፊር አሉት፤ እንግዳ አይገደልም ብለውም በገበሬው በአብዱልሐሊም በረት አሳደሩት።

«በላው እኮ ነው፣ ሳጅን» አለ ሞገስ። «ከዚህ ወዲያ ምን ይመረመራል?»

ሞገስ ከወረዳ የተላከ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ኃላፊ ነው። ሳጅን ዘውዱ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የተማረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ሦስት ጊዜ ለማዕረግ ታጭቶ ሦስት ጊዜ ወረቀት ያላቸው ልጆች ቀድመውታል። ልጆቹን ሌባ መያዝ ያስተማራቸው እሱ ነው። ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ እነሱ በመኪና ወጡ፤ እሱ በእግሩ ሚሌ ገባ። ሲመለስ ጣቢያው በርም ወንበርም አልነበረውም። ለዚህ ጉዳይ የተላከውም፣ ሰው የበላ አውሬ ማየት ማንም ስላልፈለገ ነው።

ሳጅኑ ወደ አስከሬኑ ጎንበስ አለ። አስከሬኑ በቀኝ ጎኑ ተኝቷል። ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፤ ቀኝ ጉንጩ ጋቢው ተገልጦለት ባዶው መሬት ላይ አርፏል። ከጀርባው ሦስት ድንጋዮች ተደርድረዋል። አንዱን አንስቶ አየው፤ መልሶ በቦታው አስቀመጠው።

«ሐሙስ ጠዋት ከወልድያ መኪና ይመጣል» አለ ሞገስ። «አውሬውን አቃጥለን ሴትዮዋን ይዘን እንሄዳለን። ያሳደገችው እሷ ናት። ባሌን ያስያዘብኝ ይሄ ትግሬ ነው ብላ ራሷ እንደሰጠችው የሚያወሩም አሉ።»

«ማን ነው የሚያወራው?»

«ሰው ነዋ።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው። እስከ ሐሙስ ተወኝ።»

«ምን ልትጨምር?»

«ሁለት ቀን።»

ሞገስ ሳቀ። የሳቀው ግን ፈቅዶ ነው።

ሟቹ ገሪማ ይባላል። ቤተሰቡ ከትግራይ የመጣ፣ ወልድያ ከተማ ሠላሳ ዓመት ጨው የሸጠ፣ ዓርብና ረቡዕ የማይገድፍ ሰው ነበር። ጦርነቱ ሲቀርብ የሱቁ ጎረቤቶች ሰላምታውን መመለስ ተዉ። ያኔ ሚስቱን ፍረወይኒን ከእህቷ ዘንድ አስቀምጦ ግራና መጣ፤ አብዱልሐሊም የጓዳውን በር ከፍቶ ተቀበለው። ሁለቱ በጉብዝናቸው ዘመን በአንድ ግመል ጨው ያመላለሱ፣ በየድግሳቸው ለአንዱ በእስላም ቢላ፣ ለሌላው በክርስቲያን ቢላ ለየብቻ እያረዱ አብረው የበሉ ወዳጆች ነበሩ።

ተከሳሿ ሀጂራ የአብዱልሐሊም ምራት ናት። ባሏ ዓሪፍ ሚሊሻ ነበር፤ ኅዳር ላይ አካባቢውን የያዙት የትግራይ ተዋጊዎች ከዚሁ ግቢ ይዘውት ሄዱ። በማግስቱ ሬሳው ከድልድይ ሥር ተገኘ።

ሳጅኑ በረቱ ደጃፍ ላይ ጠየቃት።

«ያገኘሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ጠዋት ልጠርግ ስገባ።»

«አፍ የለውም። እንዴት ነው የሚበላው?»

«ሆዱ ይከፈታል። ጨጓራው እንደተገለበጠ ከረጢት ወደ ውጭ ይወጣና አጥንቱ ላይ ይተኛበታል። እርሾ እርሾ ይሸታል። ሲነጋ አጥንቱ የለም። ሥጋ ካለበት ሥጋው ተርፎ ይገኛል።»

«ሥጋ አይበላም?»

«አይነካም። የበግ ቅልጥም ስሰጠው ሥጋውን ለድመቷ ይተውላታል። ከብዙ ሰው ይሻላል።»

«ትኩስ አጥንትስ?»

«ይሸሻል። ለአረፋ ያረድነውን ወዲያው ብንሰጠው ጥግ ገባ። በማግስቱ፣ ሲበርድ በላው። ጨውም አይወድም። ጨው ከነካው ጨጓራውን ሰብስቦ ሳምንት ይጾማል። ጋሽ ገሪማን ለዚህ ብዬ ነው በረት እንዳይገባ የከለከልኩት። ሠላሳ ዓመት ጨው የሸጠ ሰው፣ ኮቱን ብታራግፈው ወጥ ያጣፍጣል። አንድ ቀን እግሩን አላስገባም። በር ላይ ቆሞ ‹ዛሬስ እንግዳችሁ በላ?› ይለኛል።» አይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ቀልደኛ ነበር።»

ሳጅኑ ከእሷ ወደ ቤቱ ዞረ። የጭቃው ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ነጭ ነው።

«ገበያ ከቆመ ስንት ጊዜው ነው? አምስት ወር? ይሄን ሁሉ ኖራ ከየት አመጣሽው?»

ሀጂራ ቀና ብላ አየችው። «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች።

ከበረቱ ጀርባ ወስዳ አንድ ጆንያ ገለጠች። በውስጡ የበግ መንጋጋ፣ የላም ቅልጥም፣ ጎድን አጥንት ነበር፤ ሁሉም ቅርጹን ሳይለቅ እንደ እንቁላል ቅርፊት የነጣና የቀለለ። ሳጅኑ አንዱን ሲጨብጠው ዱቄት ሆነ።

«መቅኒውንና ቅባቱን ብቻ ነው የሚፈልገው» አለች። «ከበላ በኋላ ሆዱ በሰም እንደታሸገ ይዘጋል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ይከፈትና ይሄን ያወጣል። ስብራት ያለበት ከነስብራቱ፣ የቢላ ምልክት ያለበት ከነምልክቱ። እወቅጠውና ግድግዳ እቀባበታለሁ።»

«ይሄን ማን ያውቃል?»

«በረት የሚጠርግ ያውቃል። በዚህ አገር ደግሞ በረት የሚጠርግ ወንድ አላየሁም።»

«ሰኞ ማታ ከበላ...»

«ሐሙስ ጠዋት።»

«እስከዚያ አፍሽን ያዢ» አለ ሳጅኑ።

አስፋው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነው። ነጭ ካፖርት ስለሚለብስ አገሩ ዶክተር ይለዋል፤ እሱም ተሳስታችኋል ብሎ አያውቅም። ሙሳፊርን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ እየመጣ ይለካል። አንድ ቀን መንገድ ሲከፈት በስሙ የሚያሳትመው አርባ ገጽ ደብተር ሞልቷል።

«ረሀብ ጠባዩን ለውጦት ይሆናል» አለ። «ሳይንስ ነው፤ ለአንተ ማስረዳት ያስቸግራል።»

«የሞቀ አይነካም ሲሉ ሰማሁ።»

«እስካሁን አልነካም። ጽፌዋለሁ።»

«ከሆዱ የሚወጣው ነገርስ?»

«ምንም አይወጣም። የገባበት ሁሉ እዚያው ያልቃል። እሱም ተጽፏል።»

«ዓሪፍን ታውቀው ነበር?»

«እንደማንም ሰው። ሚሌ ገባ ሲባል ሰምቼ ነበር። እዚህ ተደብቆ ተያዘ ሲሉኝ ደነገጥኩ።»

«ደብተሩን ታውሰኛለህ?»

አስፋው ከእግሩ እስከ ራሱ አየው። «ታነበዋለህ?»

«ቀስ እያልኩ።»

አብዱልሐሊም በነጩ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ትከሻው ግን ገና የአራሽ ትከሻ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ አብዱልሐሊም። አላህ ያጽናዎት።»

«ወአለይኩም ሰላም። አሚን።»

«መጨረሻ መቼ ነው ያዩት?»

«ሰኞ፣ አውድማ ላይ። ማሽላ ስንወቃ ዋልን። ለዐስር ሶላት እኔ ወደ ቤት ገባሁ፤ እሱ እዚያው ቀረ።»

«ሬሳው በደንብ ነው የተኛው።»

ሽማግሌው ጥምጣሙን አስተካከለ።

«በዚህ ክረምትና በጋ ብዙ ሰው ቀብራችኋል አሉ።»

«ወጣቱ ሸሽቶ ማን ነበረ? እኔው አጠብኩ፣ እኔው ጉድጓድ ገብቼ አስተኛሁ። አሥራ አራት ሰው። አሥራ አራተኛው የእኔ ነው።»

«ሀጂራን ሐሙስ ይወስዷታል። ሰው አስገድላለች ተብላ ወልድያ ትታሰራለች።»

አብዱልሐሊም መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተመለከታቸው። ሳጅኑ ጠበቀ፤ ሰውየው ትንፍሽ አላለም።

ረቡዕ ቀን ገሪማ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ሳጥኑን ለመሸከም አራት ሰው ጠፍቶ ሳጅኑ ራሱ አንዱን ጫፍ ያዘ። ከዚያ መልስ ሀጂራን ስለ ዓሪፍ ጠየቃት።

«ከበረቱ ጣሪያ ሥር፣ ከገለባው ጀርባ ነበር የደበቅነው» አለች። «የምናውቀው እኔና አባባ ብቻ ነን። ለሰው ሁሉ ሚሌ ሄዷል አልን። ለጋሽ ገሪማም። በየቀኑ ‹ከሚሌ ወሬ አለ?› ይለኝ ነበር፤ እኔም ‹ደህና ነው› እያልኩ ዋሸሁት።»

«ሲይዙት ቤቱን ፈተሹ?»

«ዘወር ብለውም አላዩት። ቀጥታ በረት ገቡ፣ ቀጥታ ገለባውን ገፈፉ። አባባ ቀብር ላይ ነበር። ጋሽ ገሪማ በር ድረስ ተከትሎ በቋንቋቸው ሲያናግራቸው ነበር። ምን እንዳለ አላውቅም። አንዷን ቃል ግን ሲደጋግማት ሰምቻለሁ። ‹ወደይ› ይላቸዋል። ‹ወደይ፣ ወደይ።›»

ሳጅን ዘውዱ ማይጨው አራት ዓመት ተመድቦ ሠርቷል፤ ትግርኛ ይሰማል። ቃሏን አንድ ጊዜ አስደገማት።

ሐሙስ ጠዋት መኪናው ግቢው በር ላይ ቆመ። ሁለት ሚሊሻዎች ጭራሮና ነጭ ጋዝ ይዘው መጥተዋል። ሀጂራ የልብሷን ጥቅል እቅፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሽማግሌው ከግድግዳው ሥር ነው፤ አስፋው በካፖርቱ ቆሟል። ሳጅኑ ከበረቱ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር በሁለት እጁ ይዞ ወጣና መሀል ላይ ጆንያ አነጠፈለት።

«አፍጥነው» አለ ሞገስ።

«ትንሽ ነው። ሙሳፊር የሞቀ አጥንት አይነካም። ዶክተርም ጽፎታል፤ ገጽ አሥራ ሁለት። እንግዲህ ገሪማ ከመበላቱ በፊት ሞቶ በርዶ ነበር። የሞተውን ነው የበላው። የገደለው ሌላ ነው።»

«ማን?» አለ ሞገስ።

«ገላው ላይ ኮት አልነበረም። ጨው ያለበት ልብስ ከነካው አይበላም፤ ይሄን ያወቀ ሰው ነው ያወለቀለት። ይሄን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች እዚህ አሉ። ደግሞም ገላው በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ተገልጦ የተበላው ራሱ ብቻ ነው። ለምን ራሱ ብቻ? ራሱ ላይ እንዳይታይ የተፈለገ ነገር ነበራ።»

ጨርቁን ገፈፈው። ነጭ የራስ ቅል ነበር፤ ከእንቁላል ቅርፊት የሳሳ፣ ጠዋት በሀጂራ እጅ ከበረቱ የተለቀመ። ከኋላ በኩል በዱላ ስፋት ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ ስንጥቁ እስከ ጆሮ ግንዱ ወርዷል።

አስፋው አንድ እርምጃ ቀረበ። «ይሄ አይሆንም። ከእሱ ምንም...»

«ምንም አይወጣም፤ ገጽ ሃያ ስድስት» አለ ሳጅኑ። «አርባ ገጽ ስትጽፍ የምትጠርገውን ሴት አንድ ቃል አልጠየቅህም። ገዳዩም አልጠየቃትም። አጥንቱ ከገባ ጠፋ ብሎ አመነ። ሀጂራ ግን በየሦስት ቀኑ የሚወጣውን ለቅማ ይሄን ግድግዳ የቀባች ሴት ናት። የተሰበረ ቅል ለመደበቅ የፈለገች እንደሆነ፣ ሐሙስ ከነስብራቱ እንደሚመልስላት እያወቀች ለሙሳፊር አትሰጠውም። ጋሽ አብዱልሐሊም፣ ይሄ ኖራ ከየት የመጣ መስሎዎት ነበር?»

«ከገበያ» አለ ሽማግሌው። ከዚያ የተደገፈውን ግድግዳ ዞሮ አየና ጀርባውን ቀስ ብሎ አነሳ።

«እሷ ከወጣች ሁለት ወንዶች ቀሩ» አለ ሳጅኑ። «ገሪማን ያስቀመጠው ሰው በቀኝ ጎኑ አስተኝቶ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሮ፣ ጉንጩን ገልጦ መሬት አስነክቶታል። እንዳይገለበጥም ከጀርባው ድንጋይ ደግፎለታል። ወንጀል ለሚደብቅ ሰው ይሄ ሁሉ ምኑም አይደለም። እጁ ስለለመደ ነው ያደረገው። አስፋው እስላም መቃብር ገብቶ አያውቅም። ሀጂራም ሴት ናት፤ ጉድጓድ አትወርድም። አሥራ አራት ሰው ያስተኛ እጅ ግን አንድ ነው።»

ማንም ወደ ሽማግሌው ለመዞር አልፈለገም። እሱ ራሱ ተናገረ።

«ልጄን ሰጠብኝ» አለ። «አብሬው የበላሁ ሰው። ቤቴን ከፍቼ፣ ከሚሰድበው ሸሽጌው፣ እሱ ደጄ ላይ ቆሞ በቋንቋቸው ልጄን ሸጠው።»

«ማን ነገረዎት?»

አብዱልሐሊም በአገጩ ወደ አስፋው አመለከተ። «ዶክተር በአይኑ አይቷል።»

ሳጅኑ ደብተሩን ገለጠ። ቃል በቃል፣ ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ አነበበ። «‹ኅዳር 18፣ ቅዳሜ። ወገቡ አንድ ሜትር ከአሥር። ዓሪፍ ከገለባው ወርዶ ገመዱን ስለያዘልኝ ልኬቱ ትክክል ነው።›» ደብተሩን ዘጋው። «በኅዳር 18 ዓሪፍ ሚሌ ነበር የተባለው። አስፋው፣ አንተም ማክሰኞ ለእኔ እንደዚያ ብለሃል። ኅዳር 20 መጥተው ቀጥታ ገለባውን ገፈፉ። ገሪማ እንኳን ገለባውን፣ በረቱን ረግጦ አያውቅም፤ ጨው አለብህ ተብሎ። የት እንዳለ ሊነግራቸው አይችልም፣ አያውቀውማ።»

የአስፋው ፊት አመድ መሰለ። «ሽጉጥ ደቅነውብኝ ነበር» አለ። «የሚሊሻ ስም አምጣ አሉኝ። አንድ ስም ብቻ። አንድ ሰጠሁ።»

«ለአባትየውስ? ማን ሽጉጥ ደቅኖብህ ነው የገሪማን ስም የሰጠኸው?»

አስፋው ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሸሸ።

«ያን ቀን በር ላይ ገሪማ ያላቸውን ሀጂራ ሰምታለች፣ ጋሼ» አለ ሳጅኑ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «‹ወደይ› ነው ያላቸው። ልጄ ነው ማለት ነው። የራሴ ልጅ ነው፣ ተዉልኝ እያለ ነበር የተከተላቸው።»

ከበረቱ የሙሳፊር ሆድ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። አብዱልሐሊም ጥምጣሙን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ሲናገር ለማንም አልነበረም።

«ከኋላው ነው የመታሁት፣ በመውቂያው። ዞሮ አላየኝም። ወድቆ እጄን ያዘ። እነዚያ ተመልሰው የመጡብን መስሎታል። ‹አብዱ፣ አንተ ሩጥ› አለኝ። እስከሚበርድ እጄን አልለቀቀኝም። ከዚያ በአህያ፣ ከአገዳው ሥር አድርጌ አመጣሁት። መሬት ላይ እንደ ውሻ ጥዬው መሄድ አቃተኝ። ስለዚህ አስተኛሁት።»

ሞገስ ሚሊሻዎቹን ጠቀሰ። ጋዙን አስቀምጠው አስፋውን ያዙት፤ ካፖርቱን ለማውለቅ ጊዜ ለመነ፣ ፈቀዱለት። የሞገስ ብዕር ወዲያው ሥራ ጀመረ። በኋላ ወደ ወልድያ የሄደው ሪፖርት ሁለት ገጽ ነው፤ ምርመራውን የመራው ሞገስ ነው ይላል፤ ሳጅን ዘውዱ መጨረሻው መስመር ላይ ‹አጃቢ› ተብሎ ገብቷል። ስሙም በስህተት ነው የተጻፈው።

ሽማግሌው ግድግዳውን ሳይነካ ሊነሳ ሞከረ። ሀጂራ ሮጣ ብብቱን ይዛ አቆመችው፤ እንደ ቆመም ለቀቀችው።

«ልጄ» አላት። «ሐሙስ ይወስዷታል ሲለኝ ዝም አልኩ።»

«ሳጅኑ ነግሮኛል።»

«አፉ በይኝ።»

ሀጂራ ከበሩ ሥር ጫማውን አንስታ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ጎንበስ ብላ ቀኙንም ግራውንም እግሩ ፊት አስተካክላ አስቀመጠችለት።

«ጫማዎን ያድርጉ፣ አባባ» አለች። «መኪናው ቆሟል።»